የአስቴር መኪና ጫማ

ሰው ሁሉ ሰውን ሲያይ ከላይ ይጀምራል። ፊት ያያል፣ ፀጉር ያያል፣ ክራቫት ያሰረ እንደሆነ ክራቫቱን ያያል፤ ከዚያ ቁልቁል ሲወርድ ሆድ አካባቢ ይደክመውና ይመለሳል። እኔ የምጀምረው ከታች ነው። እግሩን ካሳያችሁኝ ሰውየው ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ጠዋት ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ ወጥቶ እንደሆነም ሳይቀር እነግራችኋለሁ። ጫማው በውጭ በኩል የተበላበት ሰው ኩሩ ነው። በውስጥ በኩል የተበላበት ሐሳብ ያበዛል። ጣቱ ላይ የሳሳበት ችኩል ነው፤ ተረከዙ ላይ የሳሳበት ደግሞ ወደፊት እየሄደ ልቡ ወደኋላ የሚቀርበት ነው። ዙሪያውን እኩል የተበላበት ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ድሮ ቢሆን ካገኛችሁ ላኩልኝ፣ ልጄን እድርለታለሁ እላችሁ ነበር። አሁን ዘግይታችኋል። ለምን እንደዘገያችሁም እዚሁ ውስጥ አለ፤ አትቸኩሉ፣ ጣታችሁ ላይ ይሳሳል።

ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የምለው አፍሬበት አይደለም፣ እንድታውቁት ብዬ ነው። በእኔ ጊዜ ሴት ልጁን ትምህርት ቤት የላከ አባት ብርቅ ነበር፤ የእኔ አባት ደግሞ ብርቅ አልነበረም፣ ደግ ሰው ብቻ ነበር። ፊደል ባልቆጥርም ጎማ ቆጥሬያለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፒያሳ፣ ጣሊያን የሠራው አንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ተቀምጬ በረባሶ ቆርጫለሁ። በረባሶ ለማታውቁት ለዛሬ ልጆች፣ ካረጀ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ ጫማ ነው፤ መርገጫውም ማሰሪያውም ጎማ፣ ምስማሩ ብቻ ብረት። ባሌ ሲሞት ቢላዋውን ትቶልኝ ሄደ፣ እኔም አነሣሁት። «ሴት ደግሞ ጎማ ትቆርጣለች?» ብለው የሳቁ ነበሩ። እነሱ ሲስቁ እኔ እግራቸውን በዓይኔ ለካሁ። በሳምንቱ ደንበኞቼ ሆኑ።

ከራሴ በላይ፣ ደረጃውን ወጣ ብሎ፣ ወርቅ ቤት ነበር። እነሱ ወርቁን ነክሰው ይፈትኑታል፣ እኔ ጎማውን። አትሳቁ! ጎማ ሲነከስ ይናገራል። ጥርስ የሚያስገባው ለጋ ነው፤ ጥርስን መልሶ የሚገፋው የጠና ነው፤ የሚፈረፈረው ደግሞ የሞተ ነው፣ ነፍስ ይማር ብላችሁ ታልፉታላችሁ። የአራዳ ልጆች በዚያ ሲያልፉ «እትዬ የሺ፣ ጨው በቃው ወይ?» ይሉኛል። «ና ቅመስና ንገረኝ» እላቸዋለሁ። ጥርስ ላለው ሰው ነው ጨዋታው።

በዚያ በረባሶ ነው አንድ ልጄን አስቴርን ያሳደግኋት። አንድ ናት፤ ሁለተኛ አልተሰጠኝም። ተማረች፣ ተማረች፣ መብራት እስኪያልቅ ተማረችና የሕንጻ ንድፍ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ገባች። መሥሪያ ቤቷ ቸርችል ጎዳና ታች ነው፤ ቤታችን ደግሞ ከላይ፣ አራዳ ጊዮርጊስ ጀርባ። እኔ አንድ መስመር ማስመር አልችልም፤ ልጄ ግን አምስት ፎቅ በእርሳስ ታቆማለች። አንድ ቀን ወረቀቷን ዘርግታ «ይሄ ደረጃው ነው እማዬ» አለችኝ። «ሥሩን ሰፋ አድርጊው» አልኳት። «ለምን?» «ሰው ይቀመጥበታል»። ሳቀችና አሰፋችው። እንግዲህ በዚህች ከተማ ውስጥ ሥሩ ሰፋ ያለ ደረጃ ካያችሁ የእኔም እጅ አለበት።

መኪናዋ የመጣችው በደርግ ጊዜ ነው። አስቴርን ሥራ ያለማመዷት አንድ የአርመን ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ወዳሉበት አገር ሲሄዱ ትንሿን መኪናቸውን ለእሷ ለቀቁላት። እንዴት ያለች መኪና መሰለቻችሁ! ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት ሁለት ስንዝር የማትርቅ። ወጣቶች ለእሽቅድድም የሚነዷት ዓይነት ናት። መግባትስ ይገባል፤ መውጣት ነው ጉዱ። እኔ ከእሷ ስወጣ ያየችኝ ጎረቤቴ «እሰይ፣ ትንሣኤ ሆነ» ብላ እልል አለች። ድምጿ ግን፣ የመኪናዋን ማለቴ ነው፣ ገና ከማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ስትታጠፍ ይሰማኛል። የሰው ልጅ በልጁ ድምፅ ይኮራል፤ እኔ በልጄ መኪና ድምፅ ኮራሁ። ኃጢአት ከሆነ ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸውም «አንድ ቀን አስቀምጣኝ ታዙረኝ» ብለው ፈቱኝ።

ጊዜው ግን የሰፊው ሕዝብ ጊዜ ነበር፤ መኪናዋ ደግሞ ጠባብ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ቆመው ዞረው ዞረው አዩዋትና «እትዬ የሺ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና ለሰፊው ሕዝብ ምን ትጠቅማለች?» አሉኝ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰፊው ሕዝብ በተራ በተራ ይገባል» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «ደግሞስ ቀይ አይደለችም?» ስላቸው ግንባራቸው ተፈታ። ከዚያ ወዲያ ነገር የለም፤ እንዲያውም በበዓል ቀን ባንዲራ ይሰካባት ብለው ነበር፣ የሚሰካበት ቦታ ጠፋ እንጂ።

መቼስ ሁሉም ነገር ከእግሩ ነው የሚያረጀው። ሰውም፣ ወንበርም፣ መኪናም። የመኪናዋ ጎማ አለቀ። አለቀ ስላችሁ፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለሰለሰ። ግንቦት ላይ አንድ ካፊያ ወርዶ አስቴር ከፒያሳ ወደ ታች ስትነዳ ፍሬን ያዘች፤ መኪናዋ ግን አልያዘችም። ተንሸራታ፣ ተንሸራታ፣ የአንድ ሎተሪ ሻጭ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ቆመች። ሰውየው ነፍሱ ሲመለስ «ይሄ ዕጣ ለኔ አልነበረም» አለ አሉ። ሁሉም ሳቀ። አስቴርም ቤት መጥታ እየሳቀች ነገረችኝ። እኔ አልሳቅሁም። ሰኔ በር ላይ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ያን ቁልቁለት ልትወርድ ነው፤ ልጄ ደግሞ አንድ ናት ብያችኋለሁ።

ጎማ እንደ ዛሬው ሱቅ ተገብቶ «ይሄን አምጣ፣ ያንን መልስ» አይባልም ነበር። ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ከቀበሌ ደብዳቤ ይያዛል፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ ታች ወረድ ብሎ አንድ የመንግሥት መጋዘን ነበረ፣ እዚያ ተሰልፎ አራት ጎማ ይወሰዳል። አራት ብቻ። ከወሰዱ በኋላ መለወጥ የለም፤ ሁለተኛ ደብዳቤ እስኪገኝ ደግሞ ስንት ክረምት እንደሚያልፍ የሚያውቀው አንድዬ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው አንዴ ነው። እንደ ባል በሉት።

ባል ካልን ዘንዳ ሰለሞንን ላስተዋውቃችሁ። የአስቴር መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነው። ገና ሽማግሌ አልላከም፣ ግን ሊልክ ሲል ሲል የሚመለስ ዓይነት ነበር። ቤተሰቦቹ ጴንጤዎች ናቸው፤ አይጠጣም፣ አይምልም፣ አይጮህም። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ትነቅፉታላችሁ? በጣም ነበር የቸገረኝ። ጫማውን አየሁት፤ በውስጥ በኩል ተበልቷል። ሐሳብ ያበዛል አልኩ በሆዴ።

ሰኞ ዕለት ሦስታችንም መጋዘኑ ሄድን። ጠባቂው ጋሽ ዘለቀ ይባላሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሰው ናቸው። በመኪናዋ ልክ ሁለት ዓይነት አወጡልን። አንደኛው ከወዳጅ አገር የመጣ፣ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ጎኑ ላይ ሁለት ክብ ያለበት፤ ሲያንኳኩት እንደ በርሜል የሚጮህ። ሁለተኛው ከድሮ ነጋዴ ተወርሶ የቀረ፣ ሳሳ ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ መኪናዋ መጀመሪያ ከአገሯ ስትመጣ ያደረገችው ዓይነት።

ሰለሞን ተንበርክኮ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ። ቁጥር አለ፣ ፊደል አለ፤ እያነበበ በትንሽ ደብተር ይጽፋል። ተነሥቶ «ለስላሳው ይሻላል» አለ።

«ማን አለ?» አልኩ።

«እዚህ ተጽፏል እማማ። ይህች መኪና ትንሽ ብትሆንም ፈጣን ናት፤ መሬት የሚይዝ ጎማ ትፈልጋለች።»

እኔ ቀስ ብዬ ነጠላዬን አጣፋሁ። ተጎነበስኩ። የሁለቱንም ዳር በአውራ ጣቴ ጥፍር ወጋሁ፣ አሸተትኩ፣ ከዚያ ሰልፈኛው ሁሉ እያየ ነከስኩ። ጋሽ ዘለቀ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«ይሄ ለስላሳው ዓመት አይቆይም» አልኩ። «ባለ ሁለት ክቡ ነው ጎማ ማለት! የዚህን ዓይነት ስንቱን ቆርጫለሁ፤ ቢላዋዬ ያልቃል እንጂ እሱ አያልቅም። እኔ ራሴ ያደረግሁት ጫማ ከእሱ ነው፣ ይኸው ስንት ዓመቱ!» እግሬን አንሥቼ አሳየሁ። ሰልፈኛው አጨበጨበ። አዎ አጨበጨበ፤ ለምን እደብቃለሁ?

«እማማ፣ ግን ጽሑፉ...»

«ልጄ፣ ጽሑፉ የፋብሪካው ነው፣ ጥፍሩ ግን የኔ ነው» አልኩት። ደብተሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። አስቴር አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሱን አየችና «እሺ፣ እማዬ ያለችው ይሁን» አለች። ኩራቴ እዚያች መጋዘን ጣሪያ ደረሰ።

ጋሽ ዘለቀ ደብዳቤውን ተቀብለው አገላብጠው «የቀበሌው ማህተም የታለ?» አሉ። ፊርማ አለ፣ ቁጥር አለ፣ ማህተም የለም። «ያለ ማህተም ጎማ አይንከባለልም። ሐሙስ ይዛችሁ ኑ። የመረጣችሁትን አስቀምጥላችኋለሁ።» ያን ቀን የማህተሙን ነገር ረገምኩ። አሁን ግን ያንን ማህተም የረሳውን ጸሐፊ ባገኘው ግንባሩን እስመዋለሁ።

ምክንያቱም ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ዘንቦ አባራ፤ አስፋልቱ እንደ መስተዋት አበራ። ከጊዮርጊስ ተሳልሜ ወርቅ ቤቶቹ ፊት ለፊት ቁልቁል ስወርድ፣ ግራ እግሬ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ቀኙም ተከተለው። እኔ መጨረሻ ደረስኩ፤ «በመጀመሪያ መቀመጫዬን» አለች አሉ ዝንጀሮ፣ እኔም በእሱ ነው የደረስኩት። ሰው ሮጦ መጣ፣ አነሡኝ፣ «ማርያም ማርያም» አሉ። አጥንቴ ደህና ነው። የተሰበረው ሌላ ነው። ተቀምጬ ጫማዬን ገልብጬ አየሁት። ባለ ሁለት ክቡ! ጭረት እንኳ የለውም፤ እንደ ተወለደ ነው። አላለቀም። ግን አልያዘኝም።

እዚያው እርጥብ አስፋልት ላይ ተቀምጬ ነገሩ እንደ መብረቅ ገባኝ። እኔ ጎማ ስመርጥ የኖርኩት ለሚሄድ ሰው ነው፤ ድንጋይ ለሚረግጥ፣ አቧራ ለሚረግጥ፣ እንዲያልቅበት ለማይፈልግ። መኪና ግን ከመሄድ ይልቅ መቆም ነው ጭንቁ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ እንግዲህ ለቁልቁለት የሚሆን ጎማ ብልጥ ሳይሆን ሞኝ ነው፤ መሬቱን ከያዘ የማይለቅ ሞኝ። ያን ብልጥ፣ ያን ጠንካራ፣ ያን ምንም የማይነካውን ለልጄ መርጬላታለሁ። በጭብጨባ!

ግን እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ስለወደቅሁ ብቻ ቃሌን የማነሣ ሴት አይደለሁም። ምናልባት እርጅና ይሆናል ብዬ ለራሴ ተከራከርኩ። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ቢላዋዬን ሞረድኩ። ከክምሬ ውስጥ እስከ መላጣው የተበላ ባለ ሁለት ክብ አወጣሁ። ከአስቴር መኪና ኋላ ደግሞ የተላጨውን መጠባበቂያ ጎማዋን አወጣሁ፤ ለስላሳው ዓይነት ነው። ሁለቱም እኩል መላጣ እንዲሆኑ ነው፤ ፍርድ ሲፈረድ አንዱ ባለ ፀጉር አንዱ መላጣ ሆኖ አይሆንም። ከሁለቱም አንዳንድ እግር ቆረጥኩ። ግራው ከጠንካራው፣ ቀኙ ከለስላሳው። አስቴር መጠባበቂያ ጎማዋ መሀሉ ተፈልቅቆ ስታየው «እማዬ! ምን ነካሽ?» ብላ ጮኸች። «ሐሙስ ትሰሚያለሽ» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ ዘነበ። ዝናቡ ሲያባራ ከማዘጋጃ ቤቱ በታች፣ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል በሚልበት ጋ ሄድኩና መራመድ ጀመርኩ። ወደ ታች ሃያ እርምጃ፣ ወደ ላይ ሃያ እርምጃ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። መጀመሪያ ሊስትሮዎቹ አዩኝ፣ ከዚያ ታክሲ ጠባቂዎቹ፤ ጥቂት ቆይቶ ኬክ ቤት የተቀመጡት ሁሉ ፍንጃላቸውን ይዘው በር ላይ ወጡ። «እትዬ የሺ፣ የማን ሠርግ ነው?» ይሉኛል። «የጎማ!» እላለሁ።

አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። ወጣት ነው፤ አላውቀውም።

«እማማ፣ ይሄ ምን ዓይነት ሰልፍ ነው?»

«የእግር ነው ልጄ።»

«የተፈቀደ ነው?»

«ለመውደቅም ፈቃድ ያስፈልጋል?»

አሰበ። «እስካሁን መመሪያ አልወረደልንም» አለና አጠገቤ ቆሞ ይመለከት ጀመር። እንዲያውም ስድስተኛው ዙር ላይ ክንዴን የያዘኝ እሱ ነው። ምክንያቱም ግራ እግሬ በየዙሩ ያፈነግጣል። ቀኙ አንድም ጊዜ አልከዳኝም፤ ቻፕ ይልና ይይዛል፣ ቻፕ ይልና ይይዛል። ግራው ግን ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። በዚያ ዘመን አደባባይ ላይ ቆሞ «ግራው ተሳስቷል!» ብሎ መጮህ አይመከርምና ዋጥ አድርጌ ቤቴ ገባሁ። ፍርዱ ግን ተፈርዷል።

ያን ማታ ስለ አጥንቴ አልነበረም የማስበው፤ ስለ አፌ ነበር። ነገ በዚያ ሰልፈኛ ፊት፣ በዚያ ዝምተኛ መሐንዲስ ፊት፣ «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ቃል ምን አድርጌ አወጣዋለሁ? ጎማ መንከስ ለለመደ አፍ እንኳ ከባድ ነው።

ሐሙስ ደረሰ። ማህተሙ ተመቷል። አራት ባለ ሁለት ክብ ጎማዎች በር ላይ ተደርድረው ይጠብቁናል። እኔ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ፤ ገና «ይኸውላችሁ...» ስል ሰለሞን ቀደመኝ።

«እማማ፣ አስቤበታለሁ። ልክ የነበሩት እርስዎ ነዎት። የእርስዎ ልምድ ከእኔ ደብተር ይበልጣል። ጠንካራው ይሁን።»

እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። አንዲት ቅጽበት፣ ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል፣ ደስ አለኝ። መውደቄን ከጎማው ጋር ማንም አያያይዘውም፤ ሰውየው በገዛ እጁ ተሸንፏል፤ እኔ ዝም ብል ክብሬ እንዳለ ነው። ከዚያ አስቴርን አየኋት። ያቺን ቁልቁለት አየኋት። ደሜ ፈላ።

«ሰኞ ዕለት ለስላሳው አላልክም?»

«ብዬ ነበር...»

«ጽሑፉ ተለወጠ?»

«አልተለወጠም።»

«ታዲያ ምን ተለወጠ?»

መሬት መሬት አየ። «እርስዎን ማስቀየም አልፈለግሁም እማማ።»

«እኔን ላለማስቀየም ብለህ ልጄን ከቸርችል ጎዳና ልታንሸራትታት?»

አስቴር መሀላችን ገባች። ቁጭ የአባቷን ቁጣ ነው የተቆጣችው። «እናንተ የምትመርጡት ጎማ ነው ወይስ የምትለኩት ኩራታችሁን ነው? መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ! ዝናብ ሲዘንብ ፍሬን የምይዘው እኔ ነኝ! አንዳችሁ እንኳ እውነቱን ብትነግሩኝ ምን አለ?»

ጋሽ ዘለቀ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰኩ።

«ለስላሳው ነው» አልኩ። «የእሱ ደብተር ልክ ነው። የእኔ ጥፍር ተሳስቷል።»

ወጣ። ስትሰሙት አጭር ነው፤ ስታወጡት ግን አራት ጎማ ያክላል። ከዚያ ወደ ሰለሞን ዞሬ «አንተም ስማኝ፤ ከእንግዲህ ልክ ስትሆን እንዳትፈራኝ። ስትሳሳት ፍራኝ» አልኩት።

«እሺ እማማ» አለ፤ ፈገግ ሊል ሲል ተወው። ቆይቶ ግን ሐሳብ የሚያበዛ ሰው ነውና አላስቻለውም። «ግን እማማ፣ ጽሑፉን ሳያነቡ በምን አወቁ?»

ከነጠላዬ ሥር ሁለቱን ጫማዎች አወጣሁ። ግራው ከዚያኛው፣ ቀኙ ከዚህኛው፣ እያልኩ ነገርኩት። ሰውየው አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ጫማና ካልሲውን አውልቆ አጠለቃቸው! ተረከዙ ግማሹ ውጭ ነው። በሩ ላይ ወዳለው እርጥብ ቁልቁለት ወጥቶ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ በሦስተኛው ግራው ጥሎት በረረ፤ እሱም የጋሽ ዘለቀን አንገት አንቆ ቆመ። «እኔ ለሰው ኃላፊነት አልወስድም! ኃላፊነቴ ለጎማ ነው!» ጮኹ ጋሽ ዘለቀ። ሰለሞን አንገታቸውን ሳይለቅ ሳቀ፤ የማይጮኸው ሰውዬ መጋዘኑ እስኪያስተጋባ ሳቀ። «ይሄኮ በትልቅ መሣሪያ የሚለካ ነገር ነው! እርስዎ በእግርዎ ለኩት!»

ከሰልፈኛው አንዱ «ማናት ሴትዮዋ?» አለ።

«እናቴ ናት» አለች አስቴር። «በረባሶ ቆራጭ ናት። ፒያሳ፣ ደረጃው ሥር።» ሥራዬን ደብቃው አታውቅም ነበር፤ ግን እንዲህ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ ስትለው የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሰኞ ስላጨበጨቡልኝ ነግሬያችሁ የለ? ያ ጭብጨባ ከዚህ ጋር ሲተያይ የዝንብ ክንፍ ድምፅ ነው።

ለስላሳዎቹን ጎሚስታ ዘንድ ወስደን አስገጠምን። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን፣ ሰማይ የተቀደደ በሚመስል ዝናብ፣ አስቴር አስቀምጣኝ ቁልቁል ስንወርድ ፊታችን ያለ አውቶቡስ ድንገት ቀጥ አለ። ፍሬን ያዘች። እኔ ጊዮርጊስን ጠራሁ። መኪናዋ ግን ጎንበስ አለችና፣ እንደ ጨዋ ሴት፣ ባለችበት ቆመች። ከአውቶቡሱ ኋላ ያለውን ጭቃ ቆጥሬ እስክጨርስ ልቤ አልተመለሰም። አስቴር ዞራ አየችኝና «ያዘ» አለች። «ያዘ» አልኳት። ሰለሞን ሽማግሌ የላከው በመስከረም ነው፤ አልመለስናቸውም።

አሁን እዚህ ላይ ባቆም፣ ብልህ ሴት ሆኜ እወጣ ነበር። ግን ጉድ አለላችሁ።

ያን ክረምት «ከእንግዲህስ ለሰውም ለስላሳ ነው የምቆርጥ፤ የእናት ልጅ ሁሉ አንድ ነው» ብዬ ከፊቴ ለስላሳ በረባሶ ደረደርኩ። የመጀመሪያው ደንበኛ አንድ ወዛደር ነው፤ ትከሻው ላይ ማዳበሪያ ኬሻ አጥፎ ደርቦ። አንሥቶ አየ፣ አጠፈው፣ እንደ እኔው በጥፍሩ ወጋና መለሰልኝ።

«ይሄ ያልቃል እማማ። ያንን የማያልቀውን ይስጡኝ።»

«ልጄ፣ ያ ያንሸራትታል። በዝናብ ጊዜ አይይዝም፤ እኔ ራሴ ወድቄበታለሁ።»

ገርሞት አየኝ። ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ እግሬ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እርስዎ በዝናብ ያደርጉታል እንዴ?» አለኝ። «እኛ ሲዘንብ አውልቀን በብብታችን ነው የምንይዘው፤ እንዳያረጅብን!»

ይኸውላችሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ «ወደቅሁ» ብሎ ያልመጣብኝ በእጄ ሙያ መስሎኝ ስኮራ የኖርኩት! ያንን የማያልቀውን አነሣሁና በልኩ ቆረጥኩለት፤ ማሰሪያውን ግን፣ በብብት ለመያዝ እንዲመቸው፣ ትንሽ ሰፋ አደረግሁት።